ለክፉ ቀን የተቀመጠ ባትሪ

መጠባበቂያ ባትሪ ለመግዛት ያሰበ ወዳጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ መጠኑ ነው። «ስንት አምፔር ይበቃኛል?» ይላል። «ቤትህ በቀን ስንት ዋት-ሰዓት ይበላል?» ስለው ዝም ይላል። (ዋት-ሰዓት ዕቃው የሚስበው ዋት በሠራበት ሰዓት ሲባዛ ነው።) አይፈረድበትም። ኤሌክትሪክ ከግድግዳ ሲመጣ ማን ይቆጥራል? እንሰካለን፣ እንረሳለን። መቁጠር የምንጀምረው ሲጎድል ነው።

እኔ መቁጠር የጀመርኩት መኪና ውስጥ ስኖር ነው። እንዴት እዚያ ደረስክ ለሚለኝ ታሪኩ ረጅም ነው፣ ለዛሬው ጨዋታም አይጠቅምም። የኋላ ወንበሮቹን አጥፌ፣ ጣውላ ዘርግቼ፣ ፍራሽ አንጥፌበት ነበር የማድረው። ከጣውላው ሥር አንዲት ባትሪ ነበረች። ስልኩም፣ ላፕቶፑም፣ መብራቱም፣ ትንሿ ፍሪጅም፣ ማራገቢያውም ከእሷ ነበር የሚጠጡት። አሁን ቤት ውስጥ ነው የምኖረው፤ ባትሪዋም አብራኝ ገብታለች። መብራት ሲጠፋ ብዙም አልደነግጥም። የማልደነግጠው ለክፉ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት ዕቃ ስላለኝ አይደለም። ባትሪዋ በደህናውም ቀን ስለምትሠራ ነው። ስንት እንደምትይዝ፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ፣ ምን ሲሰካባት እንደምታኮርፍ አውቃለሁ።

ሒሳቡ የሚያስፈራ አይደለም። ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ ታባዛላችሁ፣ ዋት-ሰዓት ይሰጣችኋል። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ነው። ፓወር ባንክ ላይ ግን ተጠንቀቁ። 20,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት ሲባል ቁጥሩ አፍ ያስከፍታል። የተሰላው ግን በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት ስለሆነ ሁለመናው 74 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር የተወሰነው በሙቀት ይባክናል። በነገራችን ላይ ትልልቆቹ ፓወር ባንኮች 27,000 አካባቢ ላይ የሚቆሙት አለምክንያት አይደለም። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ሻንጣ የሚያሳልፉት እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለውን ነው፤ አምራቾቹም ከዚያች መስመር በታች ይቆማሉ።

ወደ ፍጆታው ስንመጣ ዕቃዎቹ ጨዋና ባለጌ ተብለው ሊከፈሉ ይችላሉ። ስልክ ጨዋ ነው፤ ባዶውን ቢሰካ ከ15 እስከ 20 ዋት-ሰዓት ይበቃዋል። የዋይፋይ ራውተር በሰዓት 10 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው የሚወስደው። ኤልኢዲ አምፖል ከዚያም ያንሳል። ላፕቶፕ አንዴ ለመሙላት ከ50 እስከ 70 ይፈልጋል። እነዚህን ይዛችሁ ከአንድ መካከለኛ ባትሪ ጋር ቀናት መክረም ትችላላችሁ።

ባለጌዎቹ ሙቀት የሚያወጡት ናቸው። አንድ ሊትር ውሃ በኤሌክትሪክ ማፍያ ማፍላት 100 ዋት-ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። አንድ ስልክ አምስት ጊዜ የሚሞላ ጉልበት በአራት ደቂቃ ውስጥ እንፋሎት ሆነ ማለት ነው። 1,500 ዋት የሚስብ የክፍል ማሞቂያ ያንን 1,200 ዋት-ሰዓት ባትሪ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጸጥ ያደርገዋል። ካውያም፣ ፀጉር ማድረቂያም፣ ምድጃም ያው ናቸው። «ባትሪ ገዝቼ ምንም አልጠቀመኝም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንዳሞቀበት ነው።

በመኪና ኑሮ ይህ ቶሎ ነው የሚገባችሁ። ብርድ ሲሆን ሐሳባችሁ በሙሉ አየሩን ማሞቅ ላይ ይሆናል። የመኪና አየር ደግሞ አይያዝም፤ መስታወቱና ቆርቆሮው ወዲያው ያቀዘቅዙታል። የሚያዋጣው አየሩን ትቶ ገላን ማሞቅ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ 50 ዋት አካባቢ ነው የሚስበው። ከመተኛት በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ማጥፋት። ሌሊቱን ወፍራም ብርድ ልብስ ይጨርሰዋል። ለሙቀት ጊዜ ደግሞ 15 ዋት የምትስብ ማራገቢያ በተከፈተ መስኮት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ብትዞር 120 ዋት-ሰዓት ነው። አየር ማቀዝቀዣን ግን እርሱት፣ ለሌላ ዓለም ነው።

የእኔ ቀን በአማካይ ከ600 እስከ 700 ዋት-ሰዓት ይፈጅ ነበር። ግማሹን የምትበላው ፍሪጇ ናት። ኮምፕረሰሯ ሲነሳ ከ40 እስከ 60 ዋት ትስባለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ትነሳለች። ጥላ ውስጥ ሲቆም ትንሽ፣ ፀሐይ ሲመታን ብዙ። ቀሪው ላፕቶፕ፣ ማራገቢያና ጥቃቅኑ ነው። ይህን ቁጥር ካወቅኩ በኋላ ነው ፍርሃቱ የቀነሰው። መጀመሪያ አካባቢ ማታ የማየው የመጨረሻ ነገር የባትሪዋ ፐርሰንት ነበር፤ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥም ወደ እሱ ነበር የምሮጠው። ሰው ሲቆጥር ይሰስታል ይባላል። እኔን ግን መቁጠሩ ቸር ነው ያደረገኝ። አንድ ፊልም ከተኛሁበት ማየት 40 ዋት-ሰዓት ገደማ እንደሚያስወጣኝ ሳውቅ ያለ ጸጸት ማየት ጀመርኩ።

አንድ የማይታይ ሌባ አለ፤ እሱን ሳልናገር አላልፍም። ኢንቨርተር ነው። ኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሳጥን ነው። ሲቀይር ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶው ይባክናል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች ልብ የማይሉት ምንም ሳይሰካበት ዝም ብሎ በርቶ ሲቆም መሳቡን ነው። መካከለኛዎቹ 10 ወይም 20 ዋት ይስባሉ። ሌሊትና ቀን ረስታችሁት ብትከርሙ ከ240 እስከ 480 ዋት-ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ፍሪጄ በቀን የምትበላውን ያህል ባዶ ሳጥን በላው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በቀጥታ ከ12 ቮልት መሥራት የሚችለውን በቀጥታ ማሠራት። ስልክም፣ መብራትም፣ ማራገቢያም፣ አብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖችም በዩኤስቢ-ሲ ይችላሉ። ኢንቨርተሩ ሲፈለግ ይበራል፣ ሥራው ሲያልቅ ይጠፋል።

አሁን ወደ ባትሪው ዓይነት ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መኪናው ኮፈን ሥር ያለው ባትሪ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። እሱ የተሠራው ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ በኃይል እንዲያዞር ነው። ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ስስና ብዙ ናቸው፤ ትልቅ ጉልበት በአንዴ እንዲሰጡ። ቀስ እያሉ እስከ ታች ሲያወርዷቸው ግን ይጎዳሉ። በልኬት ሲታይ እንዲህ ያለው የእርሳስ፣ በተለምዶ የአሲድ የሚባለው ባትሪ ምንም ሳይሳብበት አርፎ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 አካባቢ ግማሽ፣ 12.0 ሲደርስ ደግሞ ወደ ማለቁ ነው። ሬዲዮና መብራት ከፍቶ ሲጫወት ያመሸ ሰው ጠዋት መኪናው የማይነሳለት ለዚህ ነው። ስለዚህ መኪና ውስጥ ለሚኖር ሰው ሁለተኛ ባትሪ ቅንጦት አይደለም። የኑሮው ባትሪና የሞተሩ ባትሪ መለያየት አለባቸው።

የአሲድ ባትሪ ያረጀ ቴክኖሎጂ ነው ብለው የሚያጣጥሉት አሉ። እውነት ነው፣ ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ዛሬም ግን ሞተር ያስነሳልናል። ችግሩ ለኑሮ ሲሆን ነው። ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ከፈለጋችሁ ከግማሽ በታች ማውረድ የለባችሁም። 1,200 ዋት-ሰዓቱ በተግባር 600 ሆነ ማለት ነው። 100 አምፔር-ሰዓት ያለው ደግሞ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አሁን ብዙ ሰው የሚመርጠው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው። በተመሳሳይ መጠን 12 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ከያዘው ሰማንያውን ዘጠናውን በመቶ ሳይሳቀቁ ይጠቀሙበታል፣ ሺዎች ጊዜ ተሞልቶ ይጨረሳል። ይህን ቅመም ለባትሪ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሳይንቲስቱ በጆን ጉዲናፍ ቤተ ሙከራ የተሠራው ሥራ ነው። ጉዲናፍ በሊቲየም ባትሪ ላይ ለሠራው ሁሉ ከስታንሊ ዊቲንግሃምና ከአኪራ ዮሺኖ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለም 97 ዓመቱ ነበር። እኔ እንዲያው ደስ ስለሚለኝ ነው የማነሳው።

ይህ ባትሪ ከስልክ ባትሪ ይልቅ ለእሳት የራቀ ነው። አንድ አመል ግን አለው። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ውስጥ መሞላት አይወድም። ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መግባት ትቶ ላዩ ላይ ይጋገራል፣ ባትሪውም ለዘለቄታው ይጎዳል። በብርድ መስጠት ይችላል፣ መቀበል ግን አይችልም። ደህና የሚባሉት ይህን የሚከላከል መቆጣጠሪያ በውስጣቸው አላቸው። ስትገዙ ጠይቁ። በሙቀት በኩልም እንዲሁ ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ 50 ዲግሪ ማለፍ አይቸግረውም። ፓወር ባንክ መስታወት ሥር ትቶ መሄድ አይገባም።

መሙላቱስ? መኪና ላላቸው ሞተሩ አለ። በሲጋራ መለኮሻው በኩል ግን ብዙ አትጠብቁ፤ ፊውዙ አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ስለሆነ ከ120 እስከ 180 ዋት ነው የሚያሳልፈው። ባዶ ባትሪ ለመሙላት ቀኑን ሙሉ መንዳት ሊጠይቅ ነው። ሁለቱን ባትሪዎች ዝም ብሎ በሽቦ ማገናኘትም አይሆንም። ሊቲየም ባትሪ የተሰጠውን ሁሉ ስለሚስብ ዲናሞው እስኪግል ድረስ ሊያሠራው ይችላል። በመሃል የሚገባና የሚሰጠውን የሚመጥን ቻርጀር አለ፤ እሱን ባለሙያ ያስገባላችሁ።

ሶላር የእኔ ምርጫ ነው። ጣሪያ ላይ የተጋደመ 100 ዋት ፓኔል ጥርት ባለ ቀን ከ300 እስከ 400 ዋት-ሰዓት ያስገባል። ስሙ 100 ይሁን እንጂ 100ውን የሚያሳየው አልፎ አልፎ ነው። ደመና ሲሆን ሩቡን ካገኛችሁ ተመስገን ነው። እዚህ ጋ ደግሞ ማንም ያልነገረኝ ጣጣ አለ። ፓኔሉ ፀሐይ ይፈልጋል፣ እናንተ ጥላ ትፈልጋላችሁ፣ ሁለታችሁም አንድ መኪና ላይ ናችሁ። የዛፍ ቅርንጫፍ በፓኔሉ ጥግ ላይ ካጠላ ጠቅላላው ምርት ያሽቆለቁላል። በመጨረሻ ሁለተኛውን ፓኔል ተጣጣፊ አድርጌ በረጅም ሽቦ መሬት ላይ አወጣሁት። መኪናዋ ጥላ ውስጥ፣ እሱ ፀሐይ ላይ። ጣሪያ ላይ የተሰፋ ነገር ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ለሚንቀሳቀስ ሰው እውነት ነው፣ ለሚቆም ሰው ግን አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቤት ልመለስ፤ ለአደጋ ጊዜ ብቻ ባትሪ የገዙ ሰዎች ጋ። እነዚህ ወዳጆቼ ከመኪና ነዋሪው ተቃራኒ ናቸው። የእሱ ባትሪ በየቀኑ ይወጣል ይገባል። የእነሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ከእነካርቶኑ ይተኛል። ባትሪ ደግሞ መተኛት አይወድም። የአሲድ ባትሪ ሳይሞላ ከተቀመጠ ሳህኖቹ ላይ የሰልፌት ድንጋይ ይጋገርበታል፣ ከዚያ በኋላ ኃይል አይይዝም። ሊቲየም ራሱ ቀስ እያለ ይወርዳል። መቆጣጠሪያው ሲስብ፣ ስክሪኑ ሲስብ፣ ወራት ሲያልፉ ባዶ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ግማሽ አካባቢ ሆኖ ቢቀመጥ ለዕድሜው ይሻላል ይባላል፤ ትክክልም ነው። ግን ግማሽ ሆኖ የተቀመጠ ባትሪ መብራት ሲጠፋ ግማሽ ነው። ማዕበል ይመጣል ከተባለ በኋላ መሙላት ይቻላል። ሳይባል ከመጣስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።

ለዚህ ነው በየቀኑ ተጠቀሙበት የምለው። የእኔ አሁን ራውተሩን፣ የጠረጴዛ መብራቱንና የምሠራበትን ላፕቶፕ ትይዛለች። መብራት ሲጠፋ መሥሪያ ቦታዬ ላይ ምንም አይለወጥም፤ መጥፋቱን የማውቀው የኮሪደሩ መብራት ሲጠፋ ነው። የባትሪዋ ዕድሜ አያልቅም ወይ ትሉኛላችሁ። ያልቃል። ሦስት ሺህ ጊዜ መሞላት የሚችል ነገር በየቀኑ አንዴ ሙሉ በሙሉ ቢሠራ እንኳ ስምንት ዓመት ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ቢያረጅም ያው ዓመቱ ይሄዳል።

ረጅም መጥፋት ሲመጣ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ ያለው ሰው ካለ ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ነው። የቤት ኦክስጅን ማምረቻ ማሽን 300 ዋት አካባቢ ይስባል። 1,200 ዋት-ሰዓት ያለው ባትሪ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ቢያቆየው ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት ባትሪውን እንደ መሸጋገሪያ ብቻ ይቁጠረው፤ ሲሊንደር ወይም የሚሄዱበት ቦታ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ከዚያ ስልክና መብራት። የኔትወርክ ማማዎችም የሚሠሩት በመጠባበቂያ ባትሪ ስለሆነ ሰዓታት ካለፉ ሊጠፉ ይችላሉ። የሚነገር ነገር ካለ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተናገሩ። ፍሪጅ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነው፣ እኔ ግን ወደ ኋላ አደርገዋለሁ። በሩ ሳይከፈት ከቆየ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። በረዶ የሚሠራው ፍሪዘር ሞልቶ ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀን ገደማ። ስለዚህ ፍሪጁን ሌሊቱን ሙሉ ማሠራት አያስፈልግም። አልፎ አልፎ ሰክቶ ማቀዝቀዝ፣ መንቀል፣ በሩን አለመክፈት ይበቃል።

ጎረቤትም አለ። መብራት በጠፋ በሁለተኛው ቀን ስልክ ይዞ የሚያንኳኳ ሰው ይመጣል። መጀመሪያ ሲመጡ ፐርሰንቷን አየት አደርግ ነበር፣ አልዋሽም። ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው። የአሥር ሰው ስልክ ሞልቶ 200 ዋት-ሰዓት አይሞላም። ሁለት ሊትር ውሃ ከማፍላት አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ባለብዙ ቀዳዳ ቻርጀር ደጃፍ ላይ አወጣሁ። እንዲያውም የሰፈሩን ሰው በስም ያወቅኩት ያኔ ነው።

ስለ አደጋው ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። 1,000 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲሳብ ከ80 አምፔር በላይ በሽቦው ውስጥ ያልፋል። ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ እሳት ይነሳል። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ፣ በጣም ቅርብ ላይ፣ ፊውዝ መኖር አለበት። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦ የማይወድ ሰው ሁሉ ባትሪውም፣ ቻርጀሩም፣ ኢንቨርተሩም በአንድ ሣጥን የተገጠመለትን ፓወር ስቴሽን ቢገዛ አላማውም። የሚያናድደኝ ነገር አንዷ ክፍል ስትበላሽ ጠቅላላው ሣጥን መቀመጡ ነው። ለብዙ ሰው ግን ከራስ ሥራ ይልቅ ያ ይሻላል።

ባትሪ ጭስ አያወጣም፤ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2021፣ በየካቲት ወር፣ ቴክሳስ ውስጥ ብርዱና የመብራት መጥፋቱ አንድ ላይ ሲመጡ መኪናቸውን ጋራዥ ውስጥ አስነስተው ለመሞቅ የሞከሩ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ሞተዋል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። ጄኔሬተር ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ውጭ፣ ከመስኮት ዞር ብሎ ነው የሚነሳው። መኪና ውስጥ የምታድሩም ሞተር አስነስታችሁ አትተኙ። በረዶ ወይም ጭቃ የጭስ ማውጫውን ቢዘጋው ጭሱ ወደ እናንተ ነው የሚመለሰው። ጋዙ ሲኖር የሚጮህ ትንሽ ማንቂያ አለ፣ በባትሪ ይሠራል፤ እኔ ሳልይዝ አላድርም።

አሁንም «ስንት አምፔር ልግዛ?» ለሚለኝ ወዳጅ የምሰጠው ሥራ አለ። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት አንድ የዕረፍት ቀን ምረጥ። ማታ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ራስህ አውርደው፣ እስከ ጠዋት አታንሳው። ፍሪጁን አትክፈት። ባለህ ፓወር ባንክና ባትሪ እደር። ምን እንደቸገረህ ወረቀት ላይ ጻፍ። አብዛኛው ሰው ጠዋት የሚያመጣልኝ ዝርዝር ከጠበቀው ያነሰ ነው፤ ስልክ፣ አንድ መብራት፣ ራውተር፣ ለአንዳንዱ ማራገቢያ። አንዱ ወዳጄማ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ የእጅ ባትሪው የት እንዳለ አላውቅም ይላል። ለእሱ ገና ምንም አልገዛንም።